ቤንዚን ፓምፑ ላይ ስሙ የተለጠፈው ሰውዬ፦ ከጆርጂያ ምክር ቤት ወደ እርሻ ኮሚሽነርነት

አዴት_አትላንታ ጻፈ፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ የማወራችሁ አሁን በሕይወት ስለሌለ አንድ የአሜሪካዋ ጆርጂያ ስቴት ሰው ነው፣ ይረዝማል ታገሱኝ። እኔ ጋዝ ስቴሽን መሥራት ከጀመርኩ 19 ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ መጀመሪያ የሌሊት ካሸር ነበርኩ፣ አሁን ከወንድሜ ጋር በሽርክና አንድ ማደያ ይዘናል። ያኔ ገና እንደመጣሁ በየፓምፑ ላይ አንዲት ስቲከር አያለሁ፣ ቶሚ ኧርቪን ይላል፣ ከስሙ ጋር የእርሻ ኮሚሽነር የሚል አለ። የትም ማደያ ብሄድ ያው ስም ነው። ቤንዚንና እርሻን ምን አገናኛቸው ብዬ የድሮ አለቃዬን ስጠይቀው ፓምፑ 1 ጋሎን ብሎ ሲቆጥር የወጣው የእውነት 1 ጋሎን መሆኑን የሚያረጋግጠው እዚህ ስቴት የእርሻ መሥሪያ ቤቱ ነው፣ የሥጋ ቤት ሚዛንም በነሱ ነው፣ የስቶራችን የምግብ ላይሰንስም ከነሱ ነው የሚወጣው አለኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ሰው ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ።

ኧርቪን የተወለደው በፈረንጆቹ 1929 ሰሜን ጆርጂያ ነው። ወላጆቹ የራሳቸው መሬት የላቸውም፣ በኛ አገር እኩል አራሽ እንደምንለው የሰው መሬት አርሰው ምርቱን የሚካፈሉ ነበሩ። ገና ልጅ እያለ አባቱ የእንጨት መሰንጠቂያ ቦታ በደረሰ አደጋ ሞተበት፣ ቤተሰቡን ማኖር እሱ ላይ ወደቀ። እሱም በዛው በእንጨት ሥራ ገባበትና የራሱን መሰንጠቂያ አቋቋመ። ከዛ ሃበርሻም የሚባለው ካውንቲ የትምህርት ቦርድ አባል ሆነ፣ ቀጥሎ ለስቴቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተመርጦ 4 ጊዜ አገለገለ። 1967 ሌስተር ማዶክስ ገዥ ሲሆን ዋና ጸሐፊ አድርጎ ወሰደው። 1969 መጀመሪያ ላይ የነበረው የእርሻ ኮሚሽነር ፊል ካምቤል ኒክሰን ጋር ለመሥራት ዋሽንግተን ሄደ፣ ማዶክስ ኧርቪንን በቦታው ሾመው። ከዛ በኋላ ግን ሹመት አይደለም፣ ከ1970 እስከ 2006 አስር ጊዜ ተወዳድሮ አስሩንም አሸነፈ። የወጣው ጥር 2011 ነው። 42 ዓመት በአንድ ወንበር! ኒክሰን ፕሬዝዳንት ሲሆን ገብቶ ኦባማ ፕሬዝዳንት ሆኖ ወጣ ማለት ነው። 2017 አረፈ።

እኔን የሚገርመኝ ወንበሩ ላይ የቆየበት ዘመን ብቻ አይደለም። የጆርጂያ ምክር ቤት በዓመት የሚሰበሰበው 40 የሥራ ቀን ነው፣ ከጥር ጀምሮ ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚህ አባላቱ ገበሬም ነጋዴም እንጨት ሰንጣቂም ሆነው ሥራቸውን ሳይተው ነው የሚገቡት። ኧርቪን እዛ ሲቀመጥ ሕግ ማውጣት ብቻ አልተማረም፣ በጀት ማን እጅ ላይ እንዳለ፣ የየትኛው ካውንቲ ሰው ምን እንደሚያመው፣ ለማን ስልክ እንደሚደወል ተማረ። በኋላ ኮሚሽነር ሆኖ ኢንስፔክተር ልቅጠር፣ ላብራቶሪ ላሠራ ብሎ ገንዘብ ሲጠይቅ የሚጠይቀው ያንኑ የተቀመጠበትን ምክር ቤት ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሕንጻ ራሱ ካፒቶሉ፣ ማለት ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበት ሕንጻ፣ አጠገብ ነበር፣ መንገድ ተሻግሮ ነው የሚገባው።

እና ጥያቄዬ፣ የእርሻ መሥሪያ ቤት ራስ ላይ ፖለቲከኛ ይሻላል ወይስ የተማረ የእርሻ ባለሙያ? ደግሞስ ከመሃላችን ለዚህ ቦታ ድምጽ የሚሰጥ ስንት ሰው አለ? በየአራት ዓመቱ ከገዥው ጋር እኮ ነው የሚመረጠው።

---

ሉሊት_ክላርክስተን ጻፈ፦

ወይ ጉድ፣ እኔ 2 ጊዜ መርጫለሁ ግን ገዥውንና ሴናተሩን ሞልቼ የቀረውን ሳላየው ነው የወጣሁት። የሚሾም ነበር የሚመስለኝ፣ አገራችን ሚኒስትር እንደሚሾመው።

---

ዓለማያ_የ77ባች ጻፈ፦

ልጄ አዴት ጥሩ ነገር አነሳህ። እኔ በሙያዬ የእርሻ ሰው ነኝ፣ ዓለማያ ነው የተማርኩት፣ አገር ቤት ጥጥ ላይ ነው ብዙ የሠራሁት፣ አዋሽ ሸለቆ ነበርኩ። ስለዚህ ስለ ጥጥ ላውራችሁ።

ቦል ዊቭል የሚባል የጥጥ ነቀዝ አለ፣ ከሜክሲኮ ተነስቶ ጆርጂያ የደረሰው 1915 ነው። እንስቷ ገና ያልፈነዳውን እንቡጥ በአፏ ትበሳውና እንቁላሏን ውስጡ ትጥላለች፣ ትሉ ውስጥ ሆኖ እየበላ ያድጋል፣ እንቡጡ ይረግፋል። መድኃኒት ከውጭ ብትረጭ ትሉ ጋ አይደርስም። በዚህ የተነሳ የስቴቱ ጥጥ እየጠበበ ሄዶ 1983 ላይ 115 ሺህ ኤከር አካባቢ ቀርቶ ነበር፣ ድሮ በሚሊዮን ሲዘራ የነበረ አገር። 1987 ላይ የማጥፋት ዘመቻ ተጀመረ። በየማሳው ዳር አረንጓዴ ወጥመድ ይተከላል፣ ወጥመዱ የነቀዙን የራሱን ጠረን ይዟል፣ ነቀዙ በተያዘበት ማሳ ላይ ብቻ ተመርጦ ይረጫል። 1995 ላይ ጥጡ ወደ 1.5 ሚሊዮን ኤከር ተመለሰ። እኔ ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ቁጥሩን ሁለቴ ነው ያየሁት።

አሁን ዘዴውን ያወጡት ሳይንቲስቶች ናቸው፣ ኮሚሽነሩ አይደለም። ግን ይሄ ሥራ የአንድ ገበሬ ማሳ ጸድቶ የጎረቤቱ ከቀረ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሁሉም መግባት አለበት፣ ሁሉም በኤከር ልክ መክፈል አለበት፣ ያን የሚያስገድድ ሕግ ያስፈልጋል፣ ገበሬው ደግሞ ድምጽ ሰጥቶበት ነው የሚገባው። ነቀዙን የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፣ ሺህ ገበሬ አስማምቶ ገንዘብ የሚያስከፍል ሰው ነው የሚጠፋው። እኛም አዋሽ ላይ ስለ ተባዩ ሳናውቅ ቀርተን አልነበረም የተሸነፍነው፣ አንዱ እርሻ ሲረጭ ሌላው ዝም ይላል፣ የሚያስማማ ሰው አልነበረም። ስለዚህ መልሴ፣ ፖለቲከኛው ባለሙያውን የሚሰማ ከሆነ ፖለቲከኛው ይሻላል። ባለሙያ ሆኜ ይሄን ስናገር ቀላል አይደለም።

---

እንጀራ_በፎረስት_ፓርክ ጻፈ፦

ጋሽ ዓለማያ እግዜር ይስጥዎት፣ እንዲህ አብራርቶ የሚነግረን ሰው የት ይገኛል።

እኔ እንጀራ ጋግሬ ለስቶሮች ነው የማከፋፍለው። ለሬስቶራንት ካውንቲው የጤና ቢሮ ነው የሚመጣው፣ ለኔ ዓይነቱ ፋብሪካ ነገር ደግሞ የእርሻ መሥሪያ ቤቱ ነው፣ ብዙ አበሻ እዚህ ጋ ይምታታበታል። መጀመሪያ ላይ በቤቴ ጋግሬ በቀጥታ ለስቶር እሸጣለሁ ብዬ አስቤ ነበር፣ ኋላ ነገሩን አጣርቼ ኩሽና ተከራየሁ። ኢንስፔክተሯ ስትመጣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እርሾው ነበር። እርሾ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ፣ ቡኮው ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ በየትኛው እቃ፣ በምን ያህል ሙቀት። የኮመጠጠበትን መጠን በወረቀት አስለካችኝና መዝግቢው አለችኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ግን ደብተሬ ላይ በየቀኑ አለ፣ ክረምትና በጋ ሊጡ ለምን እንደሚለያይ የገባኝ ከዛ ደብተር ነው።

ፎረስት ፓርክ ያለው ትልቁ የገበሬ ገበያም የነሱ ነው ታውቃላችሁ? 1959 የተከፈተ፣ 150 ኤከር ላይ ያረፈ። ለጾም ጎመን በካርቶን ስገዛ ሌሊት 11 ሰዓት ነው የምሄደው፣ ኮላርዱ ጤዛው ላዩ ላይ እያለ ይራገፋል፣ ግንዱን ሰበር አድርጌ ነው የማየው፣ ቶሎ ቀጭ ካለ የትናንት ማታ ነው። ይሄ ገበያ እንዲህ ረጅም ዘመን በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር መቆየቱ ለኛ ጠቅሞናል ባይ ነኝ።

---

ደረጀ_ማሪዬታ ጻፈ፦

ሁላችሁም እያመሰገናችሁ ነው፣ እኔ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። 2009 ረሳችሁት? ብሌክሊ የሚባል ደቡብ ምዕራብ ጆርጂያ ያለ ትንሽ ከተማ ውስጥ የፒነት ኮርፖሬሽን ኦፍ አሜሪካ የኦቾሎኒ ፋብሪካ ነበር፣ ከዛ በወጣ የኦቾሎኒ ቅቤ ሳልሞኔላ የሚባል የምግብ ባክቴሪያ ተነስቶ 46 ስቴት ውስጥ 714 ሰው ታመመ፣ 9 ሰው ሞተ። ፋብሪካውን ሲያይ የነበረው ማነው? የኧርቪን መሥሪያ ቤት ነው፣ ከፌደራሉ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ከኤፍዲኤ ጋር በነበረው ውል መሠረት። ኢንስፔክተሮቹ ገብተው ቆሻሻ ነው ቅባት አለው የሚል ይጽፉ ነበር፣ ከዛ ይወጣሉ። ድርጅቱ ራሱ ባስመረመረው ላይ ሳልሞኔላ እየተገኘ ይሸጥ ነበር፣ ያንን ወረቀት ግን ለመንግሥት አሳይ የሚለው ሕግ አልነበረም።

ያን ሰሞን ልጄ 3 ዓመቷ ነበር፣ ትምህርት ቤት በየቀኑ የኦቾሎኒ ቅቤ ያለበት ብስኩት ነበር የምትወስደው። ሌሊቱን ኩሽና ውስጥ ቆሜ የእያንዳንዱን ፓኬት ቁጥር ከዝርዝሩ ጋር ሳስተያይ ነው ያደርኩት። 40 ዓመት አንድ ሰው አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሁሉን ያውቃል ትላላችሁ፣ እኔ ደግሞ ዓይን ይለምዳል እላለሁ። ከስቴቱ ትልልቅ ምርቶች አንዱ ኦቾሎኒ ሆኖ፣ የአሜሪካ ኦቾሎኒ ግማሹ የሚደርስ ከዚህ እየወጣ፣ ከኦቾሎኒው ገበሬ ድምጽ የሚለምን ሰው ነው ፋብሪካውንም የሚቆጣጠረው። ይሄ አይጋጭም?

---

አዴት_አትላንታ ጻፈ፦

ወንድሜ ደረጀ ልክ ነህ፣ እኔም ይሄን ሳልጽፈው መቅረት አልነበረብኝም። 9 ሰው ሞቶ እንዴት ይታለፋል።

አንድ ነገር ልጨምርበት ግን፣ በዛው በ2009 ምክር ቤቱ ሕግ አወጣ፣ አንድ የምግብ ፋብሪካ በራሱ ምርመራ አደገኛ ነገር ካገኘ በ24 ሰዓት ውስጥ ለስቴቱ ማሳወቅ ግዴታው ነው የሚል። እንዲህ ያለ ሕግ ከሌሎች ስቴቶች ቀድሞ ጆርጂያ ነው ያወጣው። የፋብሪካው ባለቤትም 2015 የ28 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ግን አንተ ያልከውን አይመልስም፣ ምክንያቱም ሕጉ የወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ኧርቪን ምክር ቤቱን እንደ ቤቱ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ያንን ሕግ ከ10 ዓመት በፊት ለምን አላስወጣም ብለህ ብትጠይቀኝ መልስ የለኝም። በዚህ ሰው ሥራ ላይ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፣ በሩን ያውቀው ነበር፣ ቁልፉም በእጁ ነበር።

---

ሳራ_ዲኬተር ጻፈ፦

እኔ ደግሞ ሌላው ላይ ልመለስ፣ ማዶክስ ጋር የሠራ ነው ብለህ በአንድ መስመር አለፍከው። ማዶክስ ማን እንደሆነ ለማታውቁ፣ አትላንታ ውስጥ ፒክሪክ የሚባል ሬስቶራንት የነበረው ሰው ነው፣ 1964 የዜጎች መብት ሕግ ሲወጣ ጥቁሮች ሊበሉ ሲመጡ እሱ ሽጉጥ ይዞ ደጋፊዎቹ የመጥረቢያ እጀታ ይዘው ያባረረ። በዚህ ስም አውጥቶ ነው ገዥ የሆነው። 1966 በተደረገው ምርጫ አብላጫ ያገኘ ስላልነበረ ምክር ቤቱ ነው ጥር 1967 የመረጠው።

ኧርቪን ኮሚሽነር በሆነበት በዛው በ1969 አልባኒ አካባቢ፣ ሊ ካውንቲ ውስጥ፣ የዜጎች መብት ታጋዮች የነበሩት ሸርሊ ሼሮድና ባለቤቷ ቻርልስ ከሌሎች ጋር ሆነው ኒው ኮሚዩኒቲስ የሚባል የጋራ እርሻ አቋቋሙ፣ ወደ 6 ሺህ ኤከር የሚጠጋ፣ ከመሬታቸው የተባረሩ ጥቁር ገበሬዎች ተሰብስበው የሚያርሱት። ማዶክስ የፌደራል ገንዘብ እንዳይገባላቸው ተቃወመ። ኋላ ድርቅ መጣ፣ የአደጋ ጊዜ ብድር ሲጠይቁ የፌደራሉ የገበሬዎች ብድር ቢሮ አዘገየባቸው፣ 1985 መሬቱን አጡት። ገና 2009 ላይ ነው በጥቁር ገበሬዎች ክስ 12 ሚሊዮን ዶላር ካሳ የተፈረደላቸው። ይሄን ኧርቪን አደረገው እያልኩ አይደለም፣ ብድሩ የፌደራል ነው። ግን አንድ ሰው ከምን ቤት እንደወጣ ሳይነገር ታሪኩ አይሞላም። እኛ ጥቁሮች ነን እዚህ አገር፣ ስደተኛ ነን ብለን ከዚህ ታሪክ ዘወር ማለት አንችልም፣ የምንኖርበትን በር ያስከፈቱልን እነዚህ ሰዎች ናቸው።

---

አዴት_አትላንታ ጻፈ፦

ሳራ እህቴ አመሰግናለሁ። ሊ ካውንቲን በመኪና ብዙ ጊዜ አልፌበታለሁ፣ ይሄን ሳላውቅ።

---

ጋርላንድ_ቴክሳስ ጻፈ፦

እኛም ጋ ፓምፑ ላይ የኮሚሽነሩ ስም ነበረ፣ ሲድ ሚለር፣ ከ2020 መስከረም በኋላ ሥራው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ሚለርም ከኧርቪን ጋር አንድ ዓይነት መንገድ ነው የመጣው፣ 12 ዓመት የቴክሳስ ምክር ቤት አባል ነበር፣ ከ2015 ጀምሮ ኮሚሽነር ነው። ከሱ በፊት ሪክ ፔሪ ራሱ የምክር ቤት አባል ሆኖ 1990 የእርሻ ኮሚሽነርነቱን ያሸነፈው፣ ከዛ ምክትል ገዥ፣ ከዛ 14 ዓመት ገዥ። ማለት እኛ ጋ ይሄ ወንበር ለብዙዎቹ መረማመጃ ነው። የሚሲሲፒዋ ሲንዲ ሃይድ ስሚዝም የስቴት ሴናተር፣ ከዛ የእርሻ ኮሚሽነር፣ ከዛ 2018 ዋሽንግተን ሴኔት ገባች፣ በሷ ቦታ የተሾመው አንዲ ጊፕሰንም የስቴቱ ምክር ቤት አባል ነበር። ፍሎሪዳም ያው ነው፣ ዊልተን ሲምፕሰን የእንቁላል ገበሬ ነው፣ የሴኔቱ ፕሬዝዳንት ሆኖ ጨርሶ 2023 ኮሚሽነር ሆነ። ይሄ ቦታ በምርጫ የሚያዝባቸው 12 ስቴቶች ናቸው፣ አብዛኞቹ ደቡብ ናቸው።

የኧርቪን ልዩነት የሚመስለኝ ሌላ ወንበር አለመፈለጉ ነው። የሚቀጥለውን ወንበር የሚያይ ሰው በሥሩ ያለውን መሥሪያ ቤት አያይም።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ ጻፈ፦

ሜሪላንድ እኛ ጋ ገዥው ነው የሚሾመው። ጆ ባርተንፌልደር የሚባል ሰውዬ ነበር፣ አትክልት አምራች ገበሬ፣ ከ1983 እስከ 1994 የስቴቱ ምክር ቤት ውስጥ፣ ከዛ ብዙ ዓመት የባልቲሞር ካውንቲ ምክር ቤት፣ ዴሞክራት ነው። 2015 ሪፐብሊካኑ ሆገን ገዥ ሲሆን የእርሻ ሴክሬታሪ አድርጎ ሾመው። ከሌላ ፓርቲ መሆኑ ሳያግደው 8 ዓመት ሠራ። ቼሳፒክ ባሕር ዳር ስለ ዶሮ ኩስና ማዳበሪያ ያለው ጭቅጭቅ ከባድ ነው፣ ገበሬው በአንድ በኩል ዓሣ አጥማጁ በሌላ በኩል፣ እዛ መሃል ለመቆም ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ነው የሚያስፈልገው። በምርጫ ቢሆን ኖሮ እንደዛ ዓይነት ሰው ፓርቲው ራሱ አያሳልፈውም ነበር።

---

ቫልዶስታ_ትራክ ጻፈ፦

እኔ ጭነት ነው የምነዳው፣ ደቡብ ጆርጂያን እንደ እጄ መዳፍ ነው የማውቀው። ስለ አሁኑ ማንም አላነሳም፣ ታይለር ሃርፐር። ኦሲላ ከምትባል ከተማ ነው፣ ኦቾሎኒና ጥጥ የሚያመርት ቤተሰብ፣ ሰባተኛ ትውልድ ገበሬ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ጆርጂያ የእርሻ ኢንጂነሪንግ ተምሯል፣ 10 ዓመት የስቴት ሴናተር ሆኖ 2023 ጥር ላይ ኮሚሽነር ሆነ። ስለዚህ አዴት የጠየቅከው ፖለቲከኛ ወይስ ባለሙያ ለምትለው ይሄኛው ሁለቱም ነው።

ሄሊን የሚባለው ሄሪኬን፣ ያ ከባዱ አውሎ ነፋስ፣ 2024 መስከረም መጨረሻ ላይ ሲያልፍ መንገድ ላይ ነበርኩ። ከቫልዶስታ እስከ ኦገስታ ነው የሄደው፣ በነጋታው ስነዳ ፒካን የሚባለው የለውዝ ዓይነት ዛፎቹ በመስመር የተተከሉ አይደሉ፣ በመስመር ነው የተጋደሙት፣ ሥራቸው ወደ ላይ ሆኖ ቀይ አፈር ይዞ። ፒካን ተክለህ በደንብ ፍሬ እስክታገኝ አስር ዓመት ምናምን ትጠብቃለህ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነዳጅ ስቀዳ አገኘሁት፣ አያቴ የተከላቸው ናቸው አለኝና ሌላ ምንም አልተናገረም። የዶሮ ቤቶቹ ጣሪያቸው እንደ ወረቀት ተጠቅልሎ። በእርሻና በደን ላይ የደረሰው ጉዳት ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተብሎ ነው የተገመተው። ኮሚሽነሩ ከዛ በኋላ አንዴ ምክር ቤት አንዴ ዋሽንግተን ገንዘብ ሲለምን ነው የከረመው፣ የድሮ ባልደረቦቹ ናቸው ስቴቱ ውስጥ ያሉት፣ እዛ ላይ ሴናተር መሆኑ ጠቅሞታል ብዬ አምናለሁ። ግን ገበሬው እጅ ገንዘቡ እስኪገባ ያለው ጊዜ ረጅም ነው፣ ባንክ ደግሞ አይጠብቅም።

---

ሉሊት_ክላርክስተን ጻፈ፦

ቫልዶስታ አስለቀስከኝ።

2025 ጥር ላይ የወፍ ጉንፋን ኤልበርት ካውንቲ የዶሮ እርባታ ውስጥ ሲገኝ የዶሮ ገበያና ትርኢት ሁሉ ይቁም ያለው ይሄው መሥሪያ ቤት ነው አይደል? እናቴ በዓል ሲሆን በሕይወት ያለች ዶሮ ካልሆነ አትቀበልም፣ ገና ደግነቱ አልፎ ነበር። ያኔ ማን ወስኖ ነው ብዬ አስቤም አላውቅ።

---

እንጀራ_በፎረስት_ፓርክ ጻፈ፦

አዎ ሉሊትዬ እነሱ ናቸው። ጆርጂያ በዶሮ ሥጋ ከአሜሪካ አንደኛ ነው፣ ስለዚህ በዛ ቀልድ የላቸውም።

የበግ ነገር ለፈለጋችሁ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ማርኬት ቡለቲን የሚል ጋዜጣ አለው፣ ከ1917 ጀምሮ የሚወጣ፣ ገበሬው በግ፣ ድርቆሽ፣ ዘር፣ ንብ ሳይቀር የሚያስነግርበት። እኛ ለፋሲካ ከዛ ላይ አይተን ነው ደውለን ሁለት ሰዓት ነድተን የምንሄደው። ስለ ሽንኩርትም ልንገራችሁ፣ ቪዴሊያ የሚባለው ጣፋጩ ሽንኩርት 1986 ምክር ቤቱ ባወጣው ሕግ በተወሰኑ 20 ካውንቲዎች ካልበቀለ በዛ ስም አይሸጥም፣ አፈራቸው ድኝ ስለሚያንሰው ነው የማያቃጥለው። ስሙ ራሱ የስቴቱ እርሻ መሥሪያ ቤት ንብረት ነው፣ በየዓመቱ መሸጥ የሚጀመርበትን ቀን ኮሚሽነሩ ነው የሚቆርጠው፣ ያልደረሰ ቀድሞ ወጥቶ ስሙን እንዳያበላሸው። ለወጥ ግን አትግዙት፣ ውሃው ብዙ ነው፣ ለቁሌት ቀዩ ነው። ለሰላጣና ለቲማቲም ፍትፍት ወደር የለውም።

---

አራት_ኪሎ_ነኝ ጻፈ፦

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው፣ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የመጀመሪያው የእርሻ ሚኒስትር ከንቲባ ወልደ ጻዲቅ ጎሹ ነበሩ። ከዛ እስከዛሬ ሚኒስትር በሹመት ነው፣ አሁን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል። እኔ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሠራሁ ልጅ ነኝ። ዛሬ አንድ ኃላፊ ይመጣል፣ የወረዳውን ቀበሌ በቅጡ ሳያውቅ ይዛወራል፣ ሌላው መጥቶ ሪፖርቱን ከዜሮ ይጀምራል፣ ገበሬው ደግሞ ለያንዳንዱ አዲስ ሰው ስለዛው ስለ ማዳበሪያ መዘግየት እንደ አዲስ ይናገራል። 42 ዓመት ብዙ ነው፣ ደረጀ ያነሳው ነገርም አስደንግጦኛል፣ ግን እኔ ባየሁት 2 ዓመት ደግሞ ምንም አይሠራም። አዴት፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ያ ፓምፑን የሚለካው ሰው በትክክል ምንድነው የሚያደርገው? እዚህ ሰዉ ማደያ ላይ እምነት የለውም።

---

አዴት_አትላንታ ጻፈ፦

ወንድሜ እንኳን ጠየቅከኝ። ሳይነግርህ ነው የሚመጣው። መኪናው ላይ 5 ጋሎን የሚይዝ የብረት እቃ አለው፣ አንገቱ ጠባብ ነው፣ አንገቱ ላይ መስታወትና መስመር የተሠመረበት መለኪያ አለ። ፓምፑ ላይ ልክ 5 ጋሎን እስኪል ይቀዳበታል፣ ከዛ እቃውን ቀጥ አድርጎ ያስቀምጥና ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከመስመሩ እኩል አድርጎ ያያል። የሚፈቀደው ስህተት 6 ኪዩቢክ ኢንች ነው፣ 5 ጋሎን 1155 ነው እንግዲህ አስበው፣ ግማሽ ፐርሰንት አካባቢ። ከዛ ካለፈ ፓምፑን ይዘጋዋል፣ እስኪጠገን አትሸጥበትም። የለካውን ቤንዚን ወደ ታንኩ ይመልስልሃል።

ባለፈው ሲመጣ 3 ቁጥር ፓምፓችን 8 ኪዩቢክ ኢንች ጎደለ። ደንበኛ እየከፈለ እየጎደለበት ነበር ማለት ነው፣ እኔ ሳላውቀው። የለመድኩት ደንበኛዬ አንድ ሽማግሌ ሁልጊዜ እዛ ፓምፕ ላይ ነው የሚቀዱት፣ አምስቱንም ሌሎቹን ትተው። ቴክኒሻን ጠርቼ ያኑ ቀን አሠራሁት፣ ሽማግሌው በማግስቱ ሲመጡ ነገርኳቸውና ሂሳብ ሠርቼ ልመልስልዎት ስላቸው ቡና ብቻ ስጠኝ አሉኝ።

ደረጀ ዓይን ይለምዳል ያልከው ከአእምሮዬ አልወጣም፣ ለዛ ነው ይሄን የጻፍኩት። ሉሊት፣ ምርጫው ሲደርስ ባሎቱን፣ የድምጽ መስጫ ወረቀቱን፣ አስቀድመን እናውጣና እዚሁ እናያለን፣ ለዚህ ቦታ የሚወዳደሩትን ስለ ምግብ ፋብሪካ ቁጥጥር ምን እንዳሉ ፈልጌ አመጣለሁ።

---

ደረጀ_ማሪዬታ ጻፈ፦

እኔም እፈልጋለሁ። ከኦቾሎኒ ፋብሪካዎቹ ልጀምር፣ የፍተሻ ሪፖርታቸውን ጠይቄ የማገኘውን እዚህ እለጥፋለሁ።

---

ዓለማያ_የ77ባች ጻፈ፦

ጥሩ ነው ልጆቼ። የላብራቶሪ ውጤት ከመጣ ወደ እኔ ላኩት፣ አነብላችኋለሁ።